የወሰን ድንጋዩ ምስክሮች

ዶን ኢላሪዮን በድንበሩ ሣር ላይ በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ደሙ ዝናብ ያራሰው አፈር ውስጥ ሰርጓል።

ያገኘችው ኒዬቬስ ናት፤ ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ድንቿን ልትኮተኩት ወጥታ። አልጮኸችም። ዓይኗ ከሬሳው ወደ ወሰን ድንጋዩ ሮጠ። ሬሳው ከድንጋዩ ወዲህ፣ በእሷ በኩል ነበር።

በሳይዋፓታ መንደር ደም በማን መሬት ላይ ከፈሰሰ ተጠያቂው ባለመሬቱ ነው። ገዳዩ ካልታወቀ፣ ማሳውን ለመንደሩ ጉባኤ ለቆ ከተራራው ይወርዳል። ኒዬቬስ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚህች ማሳ በቀር ምንም የላትም።

ሟቹ የመንደሩ ወሰን ጠባቂ ነበር። በየዓመቱ በካርኒቫል በዓል ሰዉን አስከትሎ ወሰኑን በእግሩ የሚዞር፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ የኮካ ቅጠል የሚያጎርስ እሱ ነው። «ማሳ ድንበር አለው፤ ጉልበት ወሰን አለው፤ ምላስ ገደብ አለው። ሦስቱን የረሳ ልኩን አያውቅም» ይል ነበር። ካርኒቫሉ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

ረፋዱ ላይ መርማሪ ካሲልዳ ሮካ ከወረዳው ደረሰች። እሷም የተራራ ልጅ ናት፤ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች።

«ባለመሬቷ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ። እኔ አልገደልኩትም።»

«ገና አልጠየቅኩሽም። ድንበርሽ እስከ የት ነው?»

«እስከ ድንጋዩ።»

«ድንጋዩን በቅርብ የነካው ሰው አለ?»

«ማን ደፍሮ ይነካዋል?»

ከኋላቸው የቆሙት ወንዶች አንሾካሾኩ። ኒዬቬስ ድንቹን ማን እንደሚለቅመው ሲነጋገሩ ሰማች። ገና በሕይወት እያለች ማሳዋን እየተከፋፈሉት ነበር።

ከድንጋዩ ማዶ ያለው ማሳ የአብዶን ነው። አብዶን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ሟቹ አበልጄ ነው» አለ። «ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። ሰው አበልጁን ይገድላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የመንደሩ ሰው አንተ ነህ።»

«ይቺን ሴትዮ ጠይቂያት። አምና በውሃ ተራ ሲጣሉ ‹ይድፋህ› ብላዋለች። ሁሉም ሰምቷል።»

«ብዬዋለሁ» አለች ኒዬቬስ። «አንተንም ብዬሃለሁ። ይኸው ቆመህ ትሄዳለህ።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ደበቀ። ካሲልዳ ግን የአብዶንን ጥፍሮች እያየች ነበር።

«ቀረብ በል እንጂ፣ ምነው ራቅህ?»

«በወሰን ድንጋይ አይቀለድም፣ እሜቴ።»

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ብራውልዮ ነው፤ ድንጋዮቹን በሲሚንቶ ምሰሶ ሊተካ ከከተማ የመጣ ቀያሽ።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ስትጯጯህ ነበር አሉ» አለችው ካሲልዳ።

«እውነት ነው። ‹ሲሚንቶ ማንም አያነቃንቀውም› አልኩት። እሱ ደግሞ ‹ሲሚንቶህ ምስክር የለውም› ብሎ ሰደበኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።»

ካሲልዳ ድንጋዩ ሥር ተንበርክካ ጣቷን ሰደደች። ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ሰዉን ሁሉ ጥሩልኝ። አካፋም አምጡ።»

መንደሩ በሙሉ ድንጋዩን ከበበ። ኒዬቬስን መሃል አስገቧት፤ ልታመልጥ ብትሞክር እንኳ መውጫ አልነበራትም። ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች።

«ይህ ድንጋይ ከአያቶቻችሁ ዘመን ጀምሮ የተተከለ ነው?» አለች ካሲልዳ።

«ነው» አሉ።

«እንግዲያው ሥሩ ያለው ሣር እንዴት አረንጓዴ ሆነ? ድንጋይ የተጫነው ሣር በአንድ ወር ውስጥ ይገረጣል። የዚህኛው ከነጤዛው ነው።» አካፋውን አንስታ በኒዬቬስ በኩል አንድ እርምጃ ያህል ፈቀቅ አለች። እዚያ ሣሩ ተቆርጦ እንደ ክዳን ተመልሶ ነበር። አነሳችው። ከሥሩ ከሰልና አንድ ላይ የሚገጥሙ የተሰበረ እንስራ ገሎች ወጡ።

ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ድንጋይ ሲተከል ሁለቱ ጎረቤቶች እነዚህን ከሥሩ ይቀብራሉ፤ ምስክሮች ይሏቸዋል። የነካቸው ሰው እጁ ይደርቃል ይባላል።

«ምስክሮቹ እዚህ ናቸው፤ ድንጋዩ እዚያ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ዛሬ ጠዋት ወደ አብዶን ማሳ ተወስዷል። ደሙ የፈሰሰው በአብዶን መሬት ላይ ነው። ሬሳ ይጎተታል፤ አፈር የጠጣው ደም ግን አይጎተትም። ገዳዩ ደሙን ማንሳት ቢያቅተው ድንበሩን አነሳ። ድንበር የሚገፋ ሰው ሞልቷል፤ ከገዛ መሬቱ ቆርሶ ለጎረቤቱ የሚሰጥ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኒዬቬስ ደም ወዳለበት ድንበሯን አትዘረጋም።»

«ቀያሹስ?» አለ አንዱ።

«ድንጋዩን አንሱት።»

በብረት ፈንቅለው አነሱት። ከሥሩ ሦስት ለምለም የኮካ ቅጠሎች ነበሩ።

«የከተማ ሰው ድንጋይ አያጎርስም። ይህን ያደረገ ሰው ምስክሮቹንም ያውቃል፤ አብሮ ያልወሰዳቸው በእጁ መንካት ፈርቶ ነው። ሰው ሲገድል ያልፈራ፣ ድንጋይ ፈራ።»

ሁሉም ዞሮ አብዶንን አየ። ባርኔጣው መሬት ወድቋል።

«የጋራውን ግጦሽ ድንበር ገፍቼ ነበር» አለ በቀስታ። «ደረሰብኝ። በካርኒቫሉ በሰው ፊት እናገራለሁ አለኝ። ለመንኩት፣ በክርስትና ልጁ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

እጁን በገመድ አሰሩት። ኒዬቬስ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«በሬዎቼ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም» አላት።

ሰዎቹ ገፍተው ወሰዱት። ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሬሳውም ተነሳ። ሰዉ ተበታተነ። ከማዶ በሬዎቹ ደጋግመው አገሱ።

ኒዬቬስ ባልዲዋን ሞልታ እስከ ድንጋዩ ሄደች። የአብዶን በረት ከዚያ ወዲያ ቅርብ ነው። ደሙ ያጠቆረው ሣር ግን መሃል ላይ ነበር፤ እግሯ እንቢ አላት። በወንዙ በኩል ዞራ፣ ረጅሙን መንገድ ወጣች። ውሃው በመንገዱ ሁሉ ይፈስ ስለነበር፣ ስትደርስ ባልዲው ጎድሎ ነበር። ለሁለት በሬ አይበቃም። ሌላ ልታመጣ ያንኑ መንገድ ዞረች።