የሬድዮው መርዶ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፣ ለእናቴ እንኳ ድምፄን ቀርጬ ነው የምልክላት፣ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ። የምጽፈው ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል ነው፣ ሦስት ሰው አንድ ላይ ካየኝ ድምፄ ይጠፋል። ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ከሚሉት ሰዎች አይደለሁም፣ ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ያለ የተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ያቃስታል ሲባል ብቻዬን ገብቼ ድመት ይዤ የወጣሁ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሌሊት ነው የሚባለው፣ የኔ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ከምሳ በፊት፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ሰፈር ውስጥ ሰዉ ፓርኪንግ ፍለጋ እየዞረ ክላክስ በሚያጮህበት ሰዓት ነው።

ሥራዬ አንዲት ትልቅ ሴትዮ መንከባከብ ነበር። እማማ ሞራግ እላቸዋለሁ፣ የስኮትላንድ ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር መጥተው ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ዛሬ የአክስቴ ልጅ ወይኒ ከምትሠራበት የቅመም ሱቅ በላይ ያለችው አፓርትመንት ገብተው እዚያው ቀሩ። ያኔ መንገዱ ላይ አንድም የእኛ ሰው አልነበረም፣ «እናንተ ናችሁ ኋላ መጥታችሁ በበርበሬ ያጠናችሁኝ» ይሉኛል እየሳቁ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ፊዮና ራቅ ብላ ቶራንስ የሚባል ከተማ ነው የምትኖረው።

ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ቅዳሜ ከአገራቸው በሬድዮ የሚተላለፍ የሙዚቃ ፕሮግራም። እነሱ ጋ ምሽት ላይ ነው፣ በኢንተርኔት እኛ ጋ ሲደርስ ግን ገና ረፋድ ነው። አኮርዲዮን አለ፣ ቫዮሊን አለ፣ አንዳንዴም እንደ አቁማዳ በብብት ታቅፎ የሚነፋ ነገር አለ፣ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን በግ የሚታረድ ነበር የመሰለኝ፣ እውነቴን ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የነበረ ፕሮግራም ነው አሉኝ፣ አንዱ አቅራቢ ሲሞት ሌላው እየተተካ። ደግሞ ባላቸው ያወጡት ደንብ ነበረ፣ ሙዚቃው ከጀመረ የገባ አይወጣም፣ የውጭ ሰው አይገባም፣ በሩ ከውስጥ በሰንሰለት ይያዛል፣ የመጨረሻው ዜማ ሲመጣ እማማ ሞራግ እጄን ይዘው ይነሱና ሁለት ሦስት እርምጃ እንጨፍራለን፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰንሰለቱ የሚፈታው። «ዳንስ ጀምሮ ጥሎ መውጣት አብረውሽ የቆሙትን መስደብ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ፊዮና ደወለች። «ያንን ፕሮግራም ካንስል አድርገውታል፣ ከእንግዲህ የለም። ለማሚ ንገሪያት፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ። ለሁሉም ነገር ኦኬ ነው የምለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብኩት፣ የእማማ ሞራግ ልብ ደካማ ነው፣ ሐኪሙ አታስደንግጧቸው ብሏል፣ ደግሞስ መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው እንጂ፣ እስከዚያ ድረስ ሳምንትም ወርም ይደበቃል። ወርጄ ለወይኒ ነገርኳት፣ ሳቀችብኝ።

«ለሬድዮ ነው መርዶ? ታዲያ ዕድሩን እንጥራዋ፣ ድንኳን ይተከል!»

«አትቀልጂ ወይኒ፣ ብቻቸውን ናቸው እኮ።»

«አንቺ አለሽ አይደል?»

«እኔማ እንዴት ብዬ?»

«እንግዲያው ደብቂ። እናቶቻችን ስንቱን ደብቀውልን የለ።»

ደበቅኩ። ፊዮና ታብሌቱ ላይ ሴቭ ያደረገቻቸው የቆዩ ፕሮግራሞች ነበሩ፣ ቅዳሜ ሲደርስ አንዱን እከፍትና ዞር እላለሁ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይሰማሉ። አላወቁም ብዬ አሰብኩ።

ቀኑ ሲሄድ ፊዮና ደግማ ደወለች፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ከእኔ ጋር ትኑር አለች። የነገርኳቸው መስሏት ነው እኮ። እንደገባች «ፕሮግራምሽ ከቀረ ወዲህ እንዴት ነሽ?» ብትላቸውና ልባቸው ቀጥ ቢልስ? ሶ፣ ሳትደርስ በፊት እኔ መናገር ነበረብኝ፣ ሻይ አስይዤ፣ ቀስ ብዬ። ቅዳሜ ጠዋት ታብሌቱን ሳየው ባትሪው አልቆ ጠፍቷል፣ ቻርጀሩ ደግሞ ወይኒ ጋ ቀርቷል። ጥሩ፣ ዛሬ ሙዚቃ የለም፣ መናገሪያው መጣልኝ አልኩ።

እማማ ሞራግ እንደ ልማዳቸው ሰንሰለቱን አስገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሻዩን አቀረብኩ። «እማማ፣ ዛሬ...» ብዬ ትንፋሽ ስስብ ሙዚቃው ጀመረ።

እመኑኝ፣ ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ገጹ ጥቁር ነው፣ አነሳሁት፣ ቁልፉን ተጫንኩት፣ አይበራም፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፣ ሙዚቃው ግን ከእሱ ነው የሚወጣው፣ መዳፌ ላይ ሲነዝር ይሰማኛል። ሴቭ ከተደረጉት አንዱ አይደለም፣ እነሱን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አቅራቢው ተናገረ፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ እንግሊዝኛው ከበደኝ፣ «ሎስ አንጀለስ» ሲል ግን ሰማሁ፣ እማማ ሞራግም ሰው ሰላም ሲላቸው እንደሚያደርጉት ጎንበስ አሉ።

ከዚያ ከዜማው ሥር ሳል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ የወንበር መጎተት፣ ቀጥሎ እግር፣ አንድ ላይ ወለል የሚመታ ብዙ እግር። ሬድዮው ውስጥ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ዞሬ ሳይ ግን ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ከምቱ ጋር ክብ ክብ እየሠራ ይዘላል። ስልኬ ጮኸ፣ ወይኒ ናት፣ ከሥር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ጣሪያው ሊወርድብኝ ነው፣ የሽሮ ጣሳዬ ወደቀ! ስንት ሰው ጠርታችሁ ነው?»

«ሁለት ነን።»

«ሂጂ እዛ! ሠርግ ደግሰሽ ሳትጠሪኝ?»

«ወይኒ፣ ሙዚቃው ይሰማሻል?»

«የምን ሙዚቃ? እግር ነው እንጂ የሚሰማኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ሰንሰለቱ ሕፃን የሚፈታው ዓይነት ነው፣ ቁልፍ የለውም፣ ገፋ ማድረግ ነው፣ እሱ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ፣ ስስበው አንድ ሰው ከወዲያኛው ጫፍ የያዘው ይመስል መልሶ ሳበኝ። መስኮቱ ከድሮም በቀለም ተጣብቆ አይከፈትም። ዜማው ደግሞ አያልቅም፣ ሊያልቅ ይልና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ ሊያልቅ ይልና ይነሳል። ወለሉ መሃል መቆም አሳፈረኝ፣ የሰው መንገድ የዘጋሁ መሰለኝ፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፣ እዚያም ቆሜ የቀሚስ ጫፍ የሚመስል ነፋስ ጉልበቴን እየነካ ያልፋል። እማማ ሞራግ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል።

በሩ ተንኳኳ። ፊዮና ናት። «ማሚ? ክፈቱ እንጂ፣ ደብል ፓርክ ነው ያደረግኩት፣ መኪናዬ መንገድ ዘግቷል!»

«ሰንሰለቱ እምቢ አለኝ!»

«ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ጭጭ ያላችሁት? የተኛችሁ መስሎኝ ነበር።»

ጭጭ! እኔ ጆሮዬ ሊቀደድ ነው፣ እሷ አንድ እርምጃ ወዲያ ቆማ ምንም አይሰማትም። ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ «ማሚ፣ ስለዚያ ፕሮግራም ተከፍተሽ ከሆነ...» ብላ ጀመረች፣ እኔም ወጡ አረረ እንደሚባል ሁሉ ከበር ኋላ ሆና ልትናገረው መሆኑ ሲገባኝ ሮጬ እማማ ሞራግ እግር ሥር ተንበረከክኩ፣ ሁለት እጃቸውን ያዝኩ፣ እንዳይወድቁብኝ በትከሻዬ ደገፍኳቸው፣ ከሙዚቃው በላይ ለመሰማት በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ ጮኽኩ። «እማማ፣ ፕሮግራሙ ቀርቷል! ከቀረ ቆይቷል፣ ከእንግዲህ አይኖርም!»

ሙዚቃው መሃል ላይ ቆመ። እንደሚጠፋ ሬድዮ አይደለም፣ አኮርዲዮኑ አየሩን እየለቀቀ እስኪያልቅ ድረስ ተነፈሰ። ከታብሌቱ ውስጥ አንዲት ሴት አጭር ነገር ጠየቀች። ከዚያ እግሮቹ እንደገና ተሰሙ፣ አሁን ግን ምት የላቸውም፣ እዚህም እዚያም፣ ቦታ እንደጠፋበት ሰው። ሰንሰለቱ ማንም ሳይነካው ወርዶ ተንጠለጠለ።

ፊዮና ገብታ «ለምንድን ነው የምትጮኺው? ነግረሻት ታውቅ የለ እንዴ?» አለችኝ፣ ሌላ ነገር አልሰማችም። ታብሌቱን ኋላ ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው ያሉት። አሁን ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር ሌላ ሰው ጋ ነው የምሠራው። አፓርትመንቷ ባዶ ናት፣ ወይኒ ግን ጣሳዎቹን ሁሉ አውርዳ ወለል ላይ ደርድራለች፣ ለምን ስላት አትነግረኝም፣ አትቀልድም።

እማማ ሞራግን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ልባቸው ምንም አልሆነም፣ አልደነገጡም፣ አላለቀሱም። ካፖርታቸውን ሳለብሳቸው ግን እግሮቹ ወደተሰሙበት ባዶ ክፍል ዞረው አዩ፣ ከዚያ ፊዮና እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«እኔማ የቀረ ዕለት ነው ያወቅሁት፣ የኔ ልጅ፣ ያልተነገራቸው እነሱ ነበሩ» አሉኝ፣ «አሁን የት ይግቡ?»