ያልተሰረቀችው በግ

በዚያ ዓመት በረዶው በኅዳር ገባ። በታኅሣሥ ወደ ከተማ የሚወርደው መንገድ ተዘጋ። በጥር የኔቨና ሴት አያት ዶንካ አረፉ፤ መቃብር ለመቆፈር በብርድ የደረቀው መሬት ላይ ሁለት ቀን እሳት መንደድ ነበረበት። ከበጎቻቸው የተረፈችው አንዲት ናት። መንገዱ በየካቲት ሲከፈት ፊልሙ መጣ።

«ራንገል! እስቲ ብቅ በል ወንድሜ!»

ኔቨና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ወንድ አያቷ ስታሜን ዛሬም አጥሩን ተደግፈው ጎረቤታቸውን እየተጣሩ ነው።

«ዛሬም የበጓ ጉዳይ ነው?» አሉ ጋሽ ራንገል በሩን ከፍተው።

«ሰርቄብሃለሁ። በወጣትነታችን፣ በዚያ በረዶ፣ የቀረችህን አንዲት በግ።»

«አንተ ሰው፣ እኔ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። በግ ገጭቼ ይሆናል እንጂ አርብቼ አላውቅም!»

«አዝነህልኝ ነው እንዲህ የምትለው» አሉና ስታሜን አለቀሱ።

ስታሜን በሃያ አምስት ዓመታቸው እዚያው መንደር በተቀረጸ ፊልም ላይ ታይተው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከዋና ከተማው ከሶፊያ የፊልም ሰዎች መጡና ለአዲስ ፊልም ያንን ፊት ፈለጉት። የሚተውነው ሌላ ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ የስታሜንን የወጣትነት ፊት ይለጥፍበታል። ዲፕፌክ ይሉታል። ስታሜን አልወደዱትም፤ «ያለፈ ፊት ምን ያደርግላችኋል?» አሉ። የፎቶ አልበሙን ሳታስፈቅድ ከአልጋ ሥር አውጥታ የሰጠቻቸው ኔቨና ናት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። «አባባ፣ በናትህ! የክፍል ልጆች ይቀኑብኛል» ብላ ለመነቻቸው። ለእሷ ሲሉ ፈረሙ።

ፊልሙ በመንደሩ አዳራሽ ታየ። ወጣቱ ስታሜን በበረዶ ውስጥ የጎረቤቱን አጥር ሰብሮ የመጨረሻ በጉን ጎትቶ ይወስዳል። ዓይኑ የእሳቸው ነው። ከንፈሩን የሚነክሰውም እንደ እሳቸው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የስታሜን ሐሳብ ይበታተን ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ግን በግልጽ ተናገሩ፤

«ረስቼው ኖሬ፣ አሁን ትዝ አለኝ።»

ትምህርት ቤትም አልሻል አለ።

«ባአአ! የበግ ሌባው የልጅ ልጅ መጣች!» አለ ቦይኮ፣ ከኋላ ወንበር።

«ሙድ አትያዝብኝ። ኮምፒውተር የሠራው እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ባክሽ። እናቴ ግን ‹ያኔ የጠፉብን ሁለት በጎችስ?› እያለች ነው።»

ኔቨናን የገረማት የኮምፒውተር ሥራ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎችም ማመናቸው ነው።

ያን ዕለት ፊልሙን ስልኳ ላይ ከፍታ አጥሩ የሚሰበርበት ቦታ ላይ አቆመችው። «እጁን እይ አባባ። አሥሩም ጣቶቹ አሉ። ያንተን አንዷን ጣት ግን መጋዝ ቆርጧታል።»

ስታሜን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ያኔ ጣቴ ነበረች» አሉ። «ደግሞስ የገዛ ፊቴን አላውቀውም?»

ስልኩን አጠፋችው። ሌላ ምን ታሳያቸው?

ከዐቢይ ጾም በፊት ባለችው፣ ሰው ሁሉ ይቅርታ በሚጠያየቅባት የይቅርታ እሑድ ዋዜማ ወደ ጋሽ ራንገል ሄደች።

«አባባ ነገ ሲመጣ ይቅር ብዬሃለሁ ይበሉት።»

«ይቅር ካልኩትማ ሌባ አደረግኩት። ስድሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ግቢው የወደቀውን የእኔን ዛፍ ፕሪም እንኳ ለቅሞ የሚመልስልኝ ሰው ነው።»

«አይተኛም። እህል አይቀምስም።»

ጋሽ ራንገል ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ። «እውነቱንስ ማን ይያዝለት?»

«እርስዎና እኔ» አለች። ለእሷም ሁለት ሰው ጥቂት መሰላት።

በማግስቱ ስታሜን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ የተረፈችውን በግ በገመድ ይዘው ወጡ። ኔቨና በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገመዱን ብትይዘው ይቆማሉ፤ ጉልበታቸው አልቋል። በሩን ከፈተችላቸው።

ጋሽ ራንገል ደጃፋቸው ላይ ጠበቋቸው።

«ይቅር በለኝ» አሉ ስታሜን።

በዚያ እሑድ ይህ ቃል አንድ መልስ ብቻ አለው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ጋሽ ራንገል ኔቨናን አዩዋት። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔም ይቅር ብያለሁ።» ገመዱን ተቀበሉ። አያያዙን እንኳ አያውቁበትም። «ዕዳህን ከፍለሃል፣ ስታሜን።»

ስታሜን ቤት ገብተው ዳቦ ጠየቁ። አይብ ጨምረው በሉ።

«አየሽ፣ ሌባም ቢሆን አንድ ቀን ይከፍላል» አሏት።

ሌባ አይደለህም ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ጎንበስ ብላ ጣት የጎደለውን እጃቸውን ሳመች።

«ይቅር በለኝ አባባ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሰርቀሽ ነው?»

«ፊትህን።»

ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ይሄን ሽብሽብ ፊት ምን ልታደርጊው! እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። እኔም ይቅር ብያለሁ።»

ወዲያው ተቀምጠው እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከአጥሩ ማዶ በጓ ትጮኻለች። «ምን ልስጥሽ? ምንድን ነው የምትበይው አንቺ?» ይላሉ ጋሽ ራንገል። ኔቨና ከጋጣው አንድ እቅፍ ድርቆሽ አንስታ ወደ አጥሩ ሄደች።