ቀዩ ቀሚስ መጀመሪያ

ሰውየው ሚኒባሱ ውስጥ የገባው ጀሞ ሁለት ላይ ነው። ጃኬቱን አልለበሰውም። አጥፎ ክንዱ ላይ አድርጎታል።

የታጠፈ ጃኬት ማለት የሚከተል የለም ማለት ነው።

«ጠጋ በይልኝ እስቲ፣ እህቴ።»

ጠጋ አለች። ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። መንገዱ ጢም ብሏል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጎፋ! ጎፋ!» እያለ ይጮኻል። በዚያ ጩኸት መሃል ሹክሹክታ የሚሰማ ሰው የለም።

ሰውየው ላቀው ይባላል። ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቷል። ከደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የምታገኘው እሱን ብቻ ነው። ያሠለጠናት እሱ ነው፤ ጀሞ ያለው ሱቅ ያስገባትም እሱ ነው። ጀሞ ላይ ስሟ ናዝሬት ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ሌላ ነው። ላቀው ግን በሁለቱም ጠርቷት አያውቅም።

«መርፌ» አላት። «ዛሬ ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አራት። ፉሪ ያለው ቤት ውስጥ ናቸው።»

«ሀኒፋም?»

«እሷም አለች።»



«ስሚኝ» አለ ላቀው። «ገበያነሽ ዛሬ ቀዩን ቀሚስ መጨረሻ አድርጊው ትልሻለች። አንቺ መጀመሪያ ታደርጊዋለሽ።»

«መጀመሪያ ከሆነ እኮ መኪናው ይነሳል።»

«እንዲነሳ ነው የምንፈልገው። ተጭነው ካልተያዙ ክሱ አይጸናም። ፉሪ መውጫ ላይ ልጆቻችን ቆመዋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«መጨረሻ አድርጊው እንደምትለኝ በምን አወቁ?»

«ሥራዬ ነው።»

ጃኬቱን ሲያነሳ አንዲት ሲም ካርድ ጭኗ ላይ ወደቀች። «ችግር ከመጣ በዚህ ደውዪልኝ» አላት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ።

ወደ ኋላ አልዞረችም። ዞሮ ማየት ክልክል ነው።

*

የገበያነሽ የቬሎ ኪራይ ቤት ጀሞ አንድ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። ለሙሽራ ቬሎ፣ ለሚዜ ቀሚስ ያከራያል። ሦስት ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በስልካቸው ይከተሉታል። አብዛኞቹ ሊያገቡ የተዘጋጁ ሴቶች ናቸው።

ሦስቱ ግን ሙሽራ አይደሉም።

አንዱ ሹፌር ነው። አንዱ ፉሪ ያለውን ቤት ጠባቂ ነው። ሦስተኛው ስም እንጂ ፎቶ የሌለው ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ባዶው» ይሉታል። ወጣቶችን በድብቅ ከአገር የሚያስወጣው መስመር አለቃ እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ አይደዋወሉም። የሚገናኙት ሱቁ በሚለጥፈው ስቶሪ ነው። የፎቶዎቹ ብዛት ሰዓቱን ይናገራል። ሰባት ፎቶ ከሆነ ሰባት ሰዓት ነው። ቀዩ የሚዜ ቀሚስ መጀመሪያ ከወጣ ጉዞ አለ። መጨረሻ ከወጣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይጠፋል። ማስረጃ የለም።

ናዝሬት ሥራውን ያገኘችው ገበያነሽ ስላልቻለችበት ነው። ገበያነሽ አንድ ፎቶ መለጠፍ ትችላለች። ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ መርጣ መለጠፍ ግን እምቢ አላት። አንድ በአንድ ስትለጥፍ ኔትወርኩ ይቆራረጥና አራተኛው ሦስተኛውን ቀድሞ ይወጣል።

ሰባት ወር አለፈ። አሥራ አንድ ጊዜ ቀዩን መጀመሪያ አድርጋ ለጥፋለች። አሥራ አንድ ጊዜ መኪና ተነስቷል። ላቀው ሁልጊዜ «አትንኪው፤ ባዶው እስኪገለጥ ለጥፊ ብቻ» ይላታል።

ለጠፈች።

ሀኒፋ የሱቁ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከወራቤ የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ። አራት ወር ምሳቸውን ከአንድ ሳህን በልተዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ማሽኑን ሸፍና ጠፋች። ትታ የሄደችው አንዲት መልእክት ብቻ ናት። «ናዚዬ፣ እንዳትቆጪኝ። ስደርስ እደውላለሁ።»

*

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገበያነሽ ከጓዳ ወጣች። ወፍራም፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ሲከፋት የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር ታንጎራጉራለች። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስታንጎራጉር ነው የዋለችው።

«ልጄ፣ ሰባቱን ለጥፊልኝ። ቀዩን መጨረሻ።»

ላቀው ያለው ነው። ቃል በቃል።

«እሺ፣ እትዬ።»

የሱቁን ስልክ ከፈተች። ብዙ መምረጫውን ነካች። ጣቷ ቀዩ ቀሚስ ላይ አረፈ። ከፎቶው ጥግ ትንሽ ቁጥር በራች።

አንድ።

ከዚያ ነጮቹን ነካች። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት።

አጋራ።

ክቡ መሽከርከር ጀመረ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ነው። ገበያነሽ ከኋላዋ መስቀያዎችን ታስተካክላለች። አንድ እርምጃ ብትቀርብ ታያለች።

ዞረ። ዞረ።

ወጣ።

ያዩትን ሰዎች ዝርዝር ከፈተች። ባዶው ቀድሞ አይቷል። ሹፌሩ ተከተለ። ጠባቂው ሦስተኛ መጣ። አሁን የቀረው ፉሪ መውጫ ላይ የቆሙት ልጆች ሥራ ነው።

ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ የሱቁ ስልክ ጮኸ። አንዲት ሙሽራ ናት። ገበያነሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታናግራት።

«እትዬ፣ ስቶሪያችሁ ላይ መጀመሪያ ያለው ቀይ ቀሚስ አራት ፍሬ ይገኛል?»

«መጀመሪያ?» አለች ገበያነሽ።

ስልኩን ዘጋች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ናዝሬት። ቀዩን ምን አደረግሽው?»

«ተሳስቼ ነው፣ እትዬ።»

«አልተሳሳትሽም። ሰባት ወር ሙሉ ተሳስተሽ አታውቂም። ማን ነው ያዘዘሽ?»

ገበያነሽ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

«ባለፈው አየር አጥሯቸው ሁለት ልጆች ራሳቸውን ስተው ነበር። ዝግ ነጭ ኢሱዙ ነው፤ መስኮት የለውም። ዛሬም ያንኑ ነው ያመጣው። ሀኒፋን በዚያ አልሰድም፤ ዛሬ ማንም አይነሳም አልኩት። ዛሬ ማለዳ ጻፍኩለት።»

«ለማን?»

«ፎቶ ለሌለው። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ከእኔና ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።»

ላቀው ያውቅ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ያውቅ ነበር።

ናዝሬት ሲም ካርዷን ስልኳ ውስጥ ከተተች። ደወለች።

ዝግ ነው።

ፉሪ መውጫ ላይ የቆመ ልጅ የለም። ኖሮም አያውቅም።

*

«የሹፌሩን ስልክ ስጪኝ!» አለች። እርስዎ ማለቱን ረስታለች።

«የለኝም።»

«ቤቱስ? ፉሪ የት ጋ ነው?»

«አላውቀውም ልጄ። እንዳላውቅ ነው የተደረገው።»

ፖሊስ ጋ ደወለች። ያነሳው ሰው በትዕግሥት ሰማት።

«የታርጋ ቁጥር?»

«አላውቅም። ነጭ ኢሱዙ ነው። ዝግ።»

«እህቴ፣ በዚህ ሰዓት በዚያ መንገድ ስንት ነጭ ኢሱዙ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ? ለኬላዎች እንነግራለን። ሌላ ምልክት ካገኘሽ ደውዪ።»

የቀራት ስቶሪው ብቻ ነበር። ሲለጠፍ በአንዴ ነው፤ ሲጠፋ ግን አንድ በአንድ ነው። ቀዩን አጠፋች። አንደኛውን ነጭ አጠፋች። ሁለተኛውን። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሁሉንም ጨርሳ እንደገና መረጠች። ነጮቹን አስቀደመች። ቀዩ ላይ ሰባት ቁጥር በራች።

አጋራ።

ሦስቱ ወጡ። አራተኛው ላይ ቆመ።

ሮጣ ወጣች። ባጃጅ ያዘች። «ፉሪ መውጫ! ቶሎ በልልኝ!» ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ ኔትወርክ እንደዚያ የሚያዝ ይመስል።

መውጫው ላይ ወረደች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ነጭ ኢሱዙ አለፈ። ሌላ አለፈ። ሦስተኛው መጣ። መሃል አስፋልት ገብታ እጇን ዘረጋች። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ አንገቱን አወጣ።

«አበድሽ እንዴ?»

«ምን ጭነሃል?»

«ሲሚንቶ ነዋ! ዞር በይ!»

ሌላው ሳይቆም አለፈ። ውስጡ ሲሚንቶ ይሁን ሰው በምን ታውቃለች? ወደ ኋላው ጮኸች። «ሀኒፋ!» መኪናው ታጠፈና ጠፋ። ሰዎች ቆመው አዩዋት።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ። ሰባቱም ወጥተዋል።

ያዩትን ሰዎች ዝርዝር ከፈተች። ጠባቂው አይቷል። ባዶው አይቷል።

ሹፌሩ አይቷል።

መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ይቆማል። ቀዩ መጨረሻ ነው። አሁን ይቆማል።

በእርግጥም ቆመ።

ትእዛዙ «ሁሉም ባለበት ይቁም» ነው። ሹፌሩ እንደታዘዘው አደረገ። መኪናውን ጥላ የሌለበት ሜዳ ላይ አቆመ። የኋላውን በር ቁልፍ አየ። አልከፈተውም። ክፈት የሚል ፎቶ የለም። ቁልፉን ኪሱ ከቶ በእግሩ ሄደ።

ፍየል የሚጠብቁ ሴቶች የቆርቆሮውን ድብደባ የሰሙት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሩ በመጥረቢያ ሲሰበር አሥራ አንዱ በሕይወት ወጡ።

ሀኒፋ አልወጣችም።

*

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ናዝሬት ሰባት ወር ያልረገጠችውን የመሥሪያ ቤቱን ደጅ ረገጠች። በቀጥታ የውስጥ ቁጥጥር ኃላፊዋ ወይዘሮ አረጋሽ ቢሮ ገባች። ሁሉንም ተናገረች። ላቀውን፣ ሲም ካርዷን፣ ቀዩን። አረጋሽ አላቋረጠቻትም።

«ቃልሽ ብቻውን አይበቃም» አለች በመጨረሻ። «እሱ ‹ያሠለጠንኳት ልጅ ስህተቷን በእኔ ላይ ልትጥል ነው› ይላል። ባዶው እሱ መሆኑ እንዲረጋገጥ እጅ ከፍንጅ መያዝ አለብን።»

በሦስተኛው ቀን ሱቁ እንደ ወትሮው ተከፈተ። ገበያነሽ ስለ ሁሉም ነገር ቃሏን ሰጥታለች። ለአደጋ ጊዜ የተያዘ አንድ ምልክት እንዳለም ነግራቸዋለች። አንድ ቬሎ ሦስት ጊዜ ከተለጠፈ «የሱቁን ስልክ መጥተህ ውሰድ» ማለት ነው። ባዶው የጻፋቸው መልእክቶች በሙሉ እዚያ ስልክ ውስጥ ናቸው።

ናዝሬት ለጠፈች። ሦስቱም ፎቶ ያለ ችግር ወጣ። ኔትወርኩ ያን ቀን ደህና ነበር።

ባዶው በአራት ደቂቃ አየው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ላቀው ጃኬቱን ለብሷል።

«መርፌ» አለ ቀዝቀዝ ብሎ። «ይህን ቤት ለቅቀሽ ውጪ። ሥራው አልቋል። ስልኩን ስጪኝና ሂጂ።»

«የትኛውን ስልክ?»

«የሱቁን ነዋ።»

ስልኩ እጇ ላይ ነበር። ለባዶው አንዲት ቃል ጻፈች። ደረስክ?

የላቀው የውስጥ ኪስ ነዘረ።

ሁለቱም ሰሙት።

አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሸሸ። ከቬሎዎቹ ኋላ ሁለት ሰዎች ወጡ። ሦስተኛው ደጁን ዘጋ። አረጋሽ ከጓዳ ብቅ አለች። ላቀው አልታገለም። እጆቹን ሲይዙት የሚያየው ናዝሬትን ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ ያሠለጠንኩሽ» አላት።

«ስንት ሰው እንደሞተ ታውቃለህ?» አለችው።

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

«ሦስት።»

«ስማቸውስ?»

ላቀው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ገበያነሽም ከኋላው ተወሰደች። በሩ ላይ ቆም ብላ «ልጄ፣ ሀኒፋን...» አለች። ከሰዎቹ አንዱ በቀስታ ክንዷን ያዛት።

ናዝሬት የሱቁን ገጽ ራሷ ዘጋችው። ቬሎዎቹ፣ ቀዩ ቀሚስ፣ ሦስት ሺህ ተከታይ፣ በአንዴ ጠፉ።

*

የሆስፒታሉ ሠራተኛ የሀኒፋን ፊት ገለጠላት። አረጋሽ አጠገቧ ቆማለች። የተኛች እንጂ የሞተች አትመስልም። ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ ነበር።

«እሷ ናት» አለች ናዝሬት።

መታወቂያ ስላልያዘች ሦስት ቀን ሙሉ በቁጥር ብቻ ነበር የተቀመጠችው። ሠራተኛው ቅጽ አቀረበላት። የሟች ስም፤ ሀኒፋ ሬድዋን። የመጣችበት፤ ወራቤ። ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና፤ ጓደኛ።

ቀጣዩ መስመር «ሟቿን የለየው ሰው ሙሉ ስም» ይላል።

እስክሪብቶው ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት የአረጋሽ እጅ እጇ ላይ አረፈ።

«አትጻፊ» አለች በለሆሳስ። «ናዝሬት የምትባል ሰው የለችም። ያንቺን ስም ደግሞ እዚህ መተው አንችልም። የነገው ቦታሽ ተዘጋጅቷል።»

«ቤተሰቧ ማን ለያት ብለው ይጠይቃሉ እኮ።»

«ይጠይቃሉ።»

«ለቅሶዋስ?»

አረጋሽ ወደ በሩ አመለከተቻት።

ናዝሬት እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች። ኮሪደሩ በጠያቂዎች ተጨናንቋል። በመሃላቸው አለፈች። ማንም ዞሮ አላያትም። ደረጃው አጋማሽ ላይ ስትደርስ የሠራተኛው ድምፅ ከኋላ መጣ።

«እናንተ፣ ሀኒፋን የለየችው ልጅ የት ሄደች? ስሟን ሳትሞላ እኮ ነው የሄደችው!»

እሷ መውረዷን ቀጠለች።