ጥርሱ የገባበት መንጋጋ

«እናትሽ መጣች» አለቻት ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ካርቶን ይዛለች።»

ልጅቷ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ስር ገባች። ከዚያ ሆና ኮሪደሩ ላይ የቆመውን የመስታወት ቁምሳጥን ታያለች፤ እሷን ግን ማንም ልብ አይላትም።

እናቷ የጥንት ሰዎችን ቅሪተ አካል ፈልጋ የምታጠና ሳይንቲስት ናት። አምና ካገኘቻቸው ሁሉ አብልጣ የምትኮራበትን ጥርስ በጄሶ ቀድታ ለትምህርት ቤቱ ስትሰጥ፣ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ልጇ ነበረች። «የጥንት ሰው ጥርስ» ይላል ጽሑፉ። ዘንድሮ እዚያው ቁልቁለት ላይ አንድ ጥርስ የጎደለው መንጋጋ ተገኘ። እናቷ ጥርሱን ባዶው ቦታ ላይ ሞከረችው፤ ልክ ገባ። መንጋጋው የዝንጀሮ ነበር። ጥርሱ በማኘክ ብዛት ተፍቆ አሳስቷታል።

በዜና ከተነገረ ወዲህ ክፍል ውስጥ ልጅቷን የሚጠሯት «የዝንጀሮ ዘመድ» እያሉ ነው።

ጠዋት «እማ፣ በቃ የሚያስተካክለው ሌላ ሰው ላኪ» ብላ ነበር።

«ያስቀመጥኩት እኔ፣ የማስተካክለውም እኔ። የቁምሳጥኑን በር ትይዥልኛለሽ?»

«ፈተና አለብኝ» አለች። ፈተና አልነበረባትም።

አሁን እናቷ በአንድ እጇ የመንጋጋውን ቅጂ ይዛ፣ ተከፍቶ አልቆም የሚለውን የመስታወት በር በትከሻዋ ትገፋለች። ተማሪዎች ከበቧት።

«ዶክተር፣ ማነው የተሳሳተው?» አለ ረጅሙ ልጅ፣ እያወቀ።

«እኔ።»

«አያሳፍርም?»

እናቷ ትንሽ አሰበች። «ያሳፍራል እንጂ። እያወቅኩ ብተወው ደግሞ ይብስ ነበር። ና፣ ጥርሱን አንተ አስገባው።»

ልጁ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ጥርሱን ተቀበለ። የሚስቅ አልነበረም።

በሩ ተመልሶ የእናቷን ክርን መታው። የሚይዝላት ሰው ፍለጋ ዞር ስትል ዓይኗ ደረጃው ስር አረፈ። አየቻት። ልጇ እውነት ፈተና ላይ እንዳለች ሁሉ፣ ቀስ ብላ ፊቷን መለሰች።

የልጅቷ ጆሮ ሳይቀር ጋለ። ቢስቁባት ይሻላት ነበር። ቦርሳዋን አነሳች።

«አሳልፉኝ።»

በሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ፈተናው አለቀ?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

ረጅሙ ልጅ አጠገባቸው ቆሟል።

«ፈተና አልነበረም፣ እማ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ።