ከዜሮ በታች

ሚኒባሷ ሀረጎን መውረድ ስትጀምር ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ዓለሚቱ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወረደች ቁጥር እንዲህ ናት፤ አክስቷን ለመጠየቅ ካልሆነ መንገዱን አትደፍረውም።

ድንገት አንድ የጭነት መኪና ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ሾፌሩ መሪውን ወደ ዳር ሲመልስ ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸ። ዓለሚቱ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«አብሽሪ፣ አለፈ» አላት።

ዓይኗን ገለጠች። በጋቢ የተጠቀለለ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ጭኑ ላይ ያቀፈ ወጣት ነው።

«ውይ፣ ይቅርታ! ልሰብርብህ ነበር እኮ።»

«እሱስ ዕድሜውን ጨርሷል። የምታሳስቢኝ አንቺ ነሽ፤ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ማቲዎስ ይባላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። እሷ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍሎች ሂሳብ እንደምታስተምር ስትነግረው ፈገግ አለ።

«ልጆቹ የሚፈሩት ሂሳቡን ነው አንቺን?»

«ሁለታችንንም» አለችና ሳቀች። በዚያ ቁልቁለት ላይ ስቃ አታውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ ያሉትን ልጆች ሰብስቦ የኮምፒውተር ጨዋታ እንደሚያሠራቸው ነገራት። «የተሠራ ጨዋታ አይደለም የሚጫወቱት። ራሳቸው ይሠሩታል። ሳይደምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ ሳይለኩ ደግሞ ጨዋታው አይንቀሳቀስላቸውም። መጥተሽ ለምን አታይም?»

«የት ነው?»

«ከጸሎት ቤታችን ጓሮ ያለች ክፍል ናት።»

ዓለሚቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አባቷ መምሬ እንየው ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ገራዶ የታወቁ ቄስ ናቸው። በእሳቸው ቤት ጴንጤ የሚለው ቃል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው። ማቲዎስም ይህን አይቶ ስክሪኑን አስተካክሎ አቀፈ።

አልሄድም ብላ ነበር። ትምህርት እንደተከፈተ ግን አንዲት ተማሪዋን ወደ ሰሌዳ ስትጠራት ልጅቷ ጠመኔውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። የተጻፈው ከሦስት ላይ ሰባት ሲቀነስ ስንት ይሆናል የሚል ነበር። ዓለሚቱ ያን ዕንባ መርሳት አቃታት። ቅዳሜ ጠዋት ለእናቷ ደውላ፣ አክስቴ ጋ ልሄድ ነው ብላ ዋሽታ ወረደች።

ጠባቧ ክፍል ውስጥ ልጆች አራት ኮምፒውተር ከበው ይንጫጫሉ። ጽናት የምትባል ጥርሷ የወለቀ ልጅ የሠራቻት ፍየል አጥር ጥሳ ጎመን ትበላለች። ጎመን ስትበላ አምስት ይጨመርላታል፤ ሰማያዊ የለበሰው ዘበኛ በዱላ ካገኛት አስር ይቀነስባታል።

«ዜሮ ላይ ሆና ቢመታትስ?» ብላ ዓለሚቱ ጠየቀች።

«ትሞታለች!» አለ አንዱ።

«አትሞትም!» አለች ጽናት ተቆጥታ። «ከዜሮ በታች አስር ትወርዳለች። ከዚያ ሁለት ጎመን ትበላና ዜሮዋ ላይ ትወጣለች። አይገባህም እንዴ?»

ዓለሚቱ ስንት ጠመኔ የጨረሰችበት ትምህርት ነበር። ቀና ስትል ማቲዎስ ከስክሪኑ በላይ እያያት ነው። ዓይኑን አልሰበረም። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አልሸሸገችም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልቀረችም። ከልጆቹ ጋር እየተቀመጠች ተማረች፤ የተማረችውን ሰኞ ለክፍሏ ይዛ ገባች። ማታ ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች ማቲዎስ እስከ መናኸሪያ ይሸኛታል። ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እጃቸው አይነካካም። እሷ በየመታጠፊያው ዞራ ታያለች። አንድ ቀን የገራዶ ሴት፣ የእናቷ የማኅበር ጓደኛ፣ ዓለሚቱን ከጸሎት ቤቱ በር ስትወጣ አየቻት። ሴትዮዋ ሰላምታ አልሰጠችም። ዓለሚቱ በዚያ ሳምንት ስልኳ በጮኸ ቁጥር ከቤት የተደወለ ይመስላት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰው በየሻይ ቤቱ ድምፁን ቀነሰ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከቅዳሜው ትምህርት ማስቀረት ጀመሩ።

«ለጊዜው ብናቆመውስ?» አለችው።

«ልጆች ናቸው እኮ፣ ዓለም።»

«እኔ እፈራለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «እኔም እፈራለሁ» አላት። አብሽሪ የሚላት ሰው እንዲህ ሲል ስትሰማ ይብስ ፈራች።

ኅዳር ላይ ሁለት የጸጥታ ሰዎች ሳያንኳኩ ገቡ። አንደኛው ጽናት ጀርባ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ፍየሏ ሰማያዊ ለባሹን ዘበኛ ወግታ ጣለችው።

«ይሄን የጣለው ማነው?»

«ፍየሏ ናት» አለች ጽናት።

ማንም አልሳቀም።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

ልጅቷ ወደ ማቲዎስ አየች። ክንዱን ይዘው አስነሱት፤ ኮምፒውተሩንም ነቀሉት። ሰውየው በሩ ላይ ደርሶ ወደ ዓለሚቱ ዞረ።

«አንቺስ?»

«እንግዳ ነኝ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

ማቲዎስ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ደግ አደረግሽ የሚል ይመስላል። ያ አነቀናነቁ ደሴ እስክትደርስ፣ ከደረሰችም በኋላ አልለቀቃትም።

እሑድን ጉልበቷን አቅፋ ዋለች። ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። መኪናው በየጠመዝማዛው ሲጋደል አልታወቃትም፤ የምትፈራው ሌላ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ተመልሳ ለመሄድም አሰበች። ከዚያ ገባች።

መኮንኑ የደከመው ጎልማሳ ነበር። ፍየሏን፣ ጎመኑን፣ ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር እየተንተባተበች አስረዳችው። «ልብሱን ሰማያዊ ያደረገችው ልጅቷ ሰማያዊ ስለምትወድ ነው፣ ጌታዬ። የፖሊስ ልብስ አይደለም።»

ጉንጩን በእጁ ደግፎ ሰማትና፣ «አንቺ ለታሰረው ልጅ ምኑ ነሽ?» አላት።

መምህርት ናት ቢባል ትምህርት ቤቷ ሊጠየቅ ነው። እንግዳ ነኝ ብላ ደግሞ አንዴ ትታው ሄዳለች።

«እጮኛው ነኝ።»

መኮንኑ ማቲዎስን አስጠራው። ጢሙ አድጎ፣ የጫማው ማሰሪያ ወልቆ መጣ። ሲያያት ደነገጠ።

«ይቺን ልጅ ታውቃታለህ? እጮኛው ነኝ ትላለች።»

ሊያድናት ሲል አላውቃትም ቢልስ? ማቲዎስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም።

«አዎ» አለ። «ቀኑን ብቻ አልቆረጥንም።»

መኮንኑ የእሷን ስም ከነአባቷ ጠየቀ። «ዓለሚቱ እንየው» አለች። የየት አገር ልጅ እንደሆነች ሲጠይቃት፣ «ገራዶ» አለች። «የመምሬ እንየው ልጅ እንዳትሆኚ!» ብሎ ቀና አለ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት እንደሚደርስ ያኔ ገባት።

ማቲዎስ በሳምንቱ ተፈታ፤ አዋጁ እስኪነሳ ልጅ እንዳይሰበስብ ተነገረው። መናኸሪያው ጥግ ላይ ቆመው፣ «ለማስፈታት ብለሽ ነው ያልሽው?» አላት።

«እኔ እንጃ። ቃሏ አፌ ላይ ስትመጣ ግን አልከበደችኝም።»

እጇን ያዘ። ሰው ሁሉ እያየ ነው፤ እሷም ዞራ አላየችም።

ገራዶ ስትደርስ አባቷ ሰምተው ጠበቋት።

«ሃይማኖትሽን ልትለውጪ ነው?»

«አልለውጥም፣ አባ። እሱም ለውጪ አላለኝም።»

መምሬ እንየው መሬት መሬት እያዩ፣ «እንግዲያው በእኔ ቤት አይደገስም» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

ዓለሚቱ በዚያ ዓመት ሰሌዳ ላይ ፍየል ሣለች። ልጆቹ በግቢው መሬት ላይ መስመር አስምረው፣ ራሳቸው ፍየልና ዘበኛ እየሆኑ ከዜሮ በላይና በታች ሲዘሉ ዋሉ። ያች በሰሌዳው ፊት ያለቀሰችው ልጅ ዘበኛ ካልሆንኩ ብላ ትጣላ ጀመር። አዋጁ ሲነሳ ርዕሰ መምህሩ አንድ ክፍል ፈቀዱላት፤ ማቲዎስ የጠጋገናቸውን ኮምፒውተሮች ይዞ ሀረጎን ወጣ።

በተከታዩ ጥር ደሴ ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ። ከእሷ ወገን የመጡት እናቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ ብቻ ነበሩ። ዓለሚቱ ብዕሩን ይዛም በሩን በሩን ታያለች።

እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «መምሬ ከፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። አብረን ነው የመጣነው።»

«ታዲያ ለምን አልገቡም?»

«ፈርተው ነዋ! ደብሩ ምን ይለኛል፣ ሰው ምን ይለኛል ብለው። ጠልቼ እንዳይመስላት ብለውኛል።»

ዓለሚቱ አባቷ ከእግዚአብሔር ሌላ የሚፈሩት ያለ አይመስላትም ነበር። ፈርማ እንደጨረሰች የማቲዎስን እጅ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

መምሬ እንየው ሲያዩዋቸው ተነሡ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ዘረጉላት፤ ተሳለመች። እጃቸው ከዚያ ወደ ማቲዎስ ሊሄድ ጀምሮ መሐል ላይ ቆመ። ማቲዎስም ባለበት ቀረ። ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ዞረው አዩዋቸው።

ቄሱ መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱት። ባዶ እጃቸውን ማቲዎስ ማጅራት ላይ ጣል አድርገው ወደ ራሳቸው ሳቡትና ጉንጩን ሳሙት።

«ና፣ ቁጭ በል» አሉት። «ሰው እያየን ነው።»