ቁጥሩን የደገመልኝ ድምፅ

እኔ ጂን፣ ዛር፣ የሙት መንፈስ እየተባለ ሲወራ ከመሃል ተነስቼ ዕቃ ወደማጠቡ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ጅማ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሞልቷል፣ ክረምት ሲሆን ጎረቤት ተሰብስቦ በቆሎ እየጠበሰ አንዱ ሲመሽ ጅብ ስለሚሆን ሰው ያወራል፣ ሌላው ወደ ጅሬን ኮረብታ ሲወጣ ስላየው ነጭ ለባሽ ይምላል፣ እኔ ዝም ብዬ በልቤ እስቅባቸው ነበር። በአፌ የማልስቀው ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው፣ ሰው እያየኝ መናገር አይሆንልኝም፣ ይህንንም በጽሑፍ የማወራችሁ ለዚያ ነው። አሁን ግን በማንም አልስቅም፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እመኑኝ፣ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ታላቅ ወንድሜ ታምሩ ለእናታችን አንድ ወንድ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የኮምፒውተር ትምህርት ተምሮ መጣና ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የቡና ምርምር ጣቢያ ሥራ ያዘ። የደርግ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ዓመት የቀረው ነበር፣ ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ጅማ ውስጥ በጣት ይቆጠራል፣ እማዬ እንዲያውም «ያ ሣጥን» ነበር የምትለው። ታምሩ ማታ ማታ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ማለትም ለሣጥኑ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ያ ከሆነ ወደዚህ ተመለስ» የሚል ትእዛዝ በተርታ ይደረድራል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል። እማዬ ሴት ልጅ ወድዶ ደብዳቤ የሚጽፍ ይመስላት ነበር።

«ይቺ ልጅ መልስ አትሰጥህም እንዴ? ወር ሙሉ ስትጽፍላት!» አለችው አንድ ቀን።

«ትሰጠኛለች እማዬ፣ ግን አንዲት ነጥብ ከተሳሳትኩ ታኮርፋለች።»

«በል ተዋት፣ እንዲህ ያለችው ለትዳር አትሆንም!»

ከሥራ የተረፈውን ጊዜ በሬዲዮ ነው የሚያሳልፈው። የተበላሸ ሬዲዮ ከየሰው ቤት ይለቅማል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ከጓሯችን አቮካዶ ላይ ረጅም ሽቦ ወጥሮ የማናውቀውን አገር ቋንቋ ያሰማናል። እማዬ ሣጥኑንም ሬዲዮውንም ባትወዳቸውም ኮምፒውተር አቧራ አይወድም ሲላት ነጭ ዳንቴል ሠርታ ላከችለት፣ እሱም ሥራ ሲጨርስ በላዩ ያለብሰው ነበር።

ጣቢያው በየቀኑ የጣለውን ዝናብ እየለካ የመዘገበባቸው ብዙ አሮጌ ደብተሮች ነበሩት፣ ያ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲገባ ተባለ። ያን ሰሞን ለውትድርና አፈሳው የበረታበት ነው፣ ወጣት ወንድ ገበያ ከወጣ መመለሱን እናቱ አታውቅም። የጣቢያው ኃላፊ ታምሩን ጠርቶ «ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፣ ደብተሮቹ እስከዚያ ካለቁ ለሥራው አስፈላጊ ነህ ብዬ ለቀበሌህ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ካላለቁ ግን ምን ብዬ እከራከርልሃለሁ?» አለው። እማዬ ይህን ስትሰማ መጾም ጀመረች፣ ታምሩ ደግሞ እኔን አንባቢ አድርጎ ወሰደኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ንባብ ላይ ጎበዝ ነኝ።

አሠራራችን እንዲህ ነው፣ ክፍሉ በስስ ጣውላ ለሁለት ተከፍሏል፣ ጣውላው ጣሪያው ጋ አይደርስም፣ ከወዲያ እሱና ኮምፒውተሩ፣ ከወዲህ እኔና ደብተሮቹ። ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ከእሱ በቀር ማንም እንዳይገባ ተከልክሏል፣ እሱም ቢሆን ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ነው የሚገባው። እኔ «ሐምሌ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት» ብዬ አነባለሁ፣ እሱ «አሥራ ሁለት ነጥብ አራት» ብሎ ይደግምልኛል፣ ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ከዚያ «ቀጥዪ» ይለኛል። ሳይደግምልኝ ወደሚቀጥለው አላልፍም። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወድጄው ነበር፣ ማንም ሳያየኝ ድምፄ እንዲያ ጥርት ብሎ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም።

እሑድ አራት ደብተር ቀርቶን ገባን። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ በጣቢያው ጄኔሬተር ነው የምንሠራው። አንዱን ደብተር እስከ ሰባት ሰዓት ጨረስንና እኔ ምሳችንን ላሞቅ ዘበኞቹ እሳት ወደሚያነዱበት ሄድኩ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ የውስጡ በር ተዘግቷል፣ የታምሩ ጥቁር ጫማ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ምሳ ደርሷል፣ ና ውጣ» አልኩት።

«ቀጥዪ» አለኝ።

«ሽሮው ይቀዘቅዛል እኮ።»

«ቀጥዪ።»

ታምሩ ምግብ ቀርቦለት እንቢ ያለበትን ቀን አላስታውስም፣ ቢሆንም ሰኞ አስጨንቆታል ብዬ ሁለተኛውን ደብተር ገለጥኩ። አነባለሁ፣ ይደግማል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አነባለሁ፣ ይደግማል። ጠዋት በየመሃሉ ያስለው፣ ያዛጋ፣ «እስቲ ጣቴን ላፍታታ» ይል ነበር፣ አሁን አንድም ጊዜ አላረፈም፣ እኔ ቃሌን ሳልጨርስ ድምፁ ይነሳል። አንድ ቦታ ላይ ደክሞኝ «ስምንት ነጥብ ሦስት» ብዬ አነበብኩ፣ እሱ «ሦስት ነጥብ ስምንት» ብሎ ደገመ። ደብተሩን ዝቅ ብዬ ባየው እውነትም ሦስት ነጥብ ስምንት ነው። ደብተሩ እኔ ጋ፣ እሱ ከጣውላው ወዲያ፣ እንዴት አወቀ? የተጨነቀ ሰው ብዙ ነገር አያስብም፣ «ጎበዝ ነው» ብዬ አለፍኩት።

የመጨረሻው ደብተር ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ሲቀረው ዝናቡ ድንገት አቆመ። የቆርቆሮው ጩኸት ሲጠፋ ነው ሌላው ዝምታ የተሰማኝ። ጄኔሬተሩ አይሰማም። ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት፣ ጠፍቷል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ አላውቅም፣ በመስኮት ብርሃን ስሠራ ኖሯል።

«ታምሩ፣ መብራት የለም እኮ» አልኩ።

«ቀጥዪ።»

«ኮምፒውተሩ ያለ መብራት ይሠራል እንዴ?»

«ቀጥዪ።»

ድምፁ የእሱ ነው፣ የወንድሜን ድምፅ አላጣውም፣ ነገር ግን ሁሉም «ቀጥዪ» አንድ ዓይነት ነበር፣ የማይወፍር፣ የማይቀጥን። ማንበቤን ቀጠልኩ፣ ለምን አነበብሽ ካላችሁኝ ማቆሙን ስለፈራሁ ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ደገመልኝ፣ ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ አሉ፣ እኔም «አለቀ» አልኩ።

ያኔ የውጪው በር ተከፈተና ታምሩ ገባ። ወንድሜ ታምሩ! ቦቲ አድርጎ፣ ከራስ ፀጉሩ ውሃ እየወረደ፣ በእጁ ጀሪካን ይዞ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከጣውላው ወዲያ በዚያው በእሱ ድምፅ «ቀጥዪ» ተባለ።

ጀሪካኑ ከእጁ ወደቀ።

«ማን ነው ውስጥ ያለው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተ» አልኩት፣ ሌላ ምን እላለሁ?

በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ፣ እኔም ክልከላውን ረስቼ ተከተልኩት። ማንም የለም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ ሌላ በር የለውም። ኮምፒውተሩ ጭልም ብሎ ተቀምጧል፣ የእማዬ ዳንቴል እንደለበሰ ነው፣ ጫፉ እንኳ አልተነካም። ታምሩ ከጀሪካኑ ናፍታ ጨምሮ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ ዳንቴሉን ገፍፎ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ሦስቱን ደብተሮች ፈለገ። ሁሉም ገብተዋል፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን። አንዱን ገጽ ከደብተሩ ጋር አመሳከረው፣ አንድ ስህተት የለበትም። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ አልን።

ታምሩ እንደነገረኝ፣ ናፍታ ሊያልቅ ስለሆነ ቦቲውን አድርጎ ወደ ከተማ የወጣው እኔ ምሳ ላሞቅ ስሄድ ነበር። ናፍታውን ገዝቶ ሄርማታ ገበያ ሲደርስ አፈሳው ያዘው፣ ከነጀሪካኑ መኪና ላይ ጫኑት፣ የጎረቤታችን የአዴ ከድጃ ልጅ ናስርም ተይዞ አጠገቡ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«መኪናው ተነሳ፣ ናስር ያለቅስ ነበር፣ እጁን ያዝኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጀሪካኑን ይዤ ጣቢያው በር ላይ ቆሜያለሁ።»

«እንዴት ወረድክ? ማን ለቀቀህ?»

«እንጃ» አለኝ፣ ዓይኑ ዕንባ አዘለ። «አትጠይቂኝ፣ በእናትሽ፣ እንጃ።»

ሰኞ እንግዶቹ መጡ፣ ሥራው አልቆ አገኙት፣ ኃላፊው ቃሉን ጠብቆ ደብዳቤውን ጻፈ። እማዬ እልል ልትል ብላ በግድግዳው የአዴ ከድጃን ልቅሶ ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔና ታምሩ ስለዚያ ቀን ለማንም ላንናገር ተማማልን።

ከሦስት ወር በኋላ አዴ ከድጃ ደብዳቤ በሻሻቸው ቋጥረው እየሮጡ መጡ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ የሰፈሩን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ አንብቢልኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ ቃል እንዳታስቀሪ!»

ናስር ለእናቱ ሰላምታ ደርድሮ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ ብሎ፣ ቀጥሎ የጻፈውን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦ «የጎረቤታችን ታምሩ አብሮኝ ነው፣ ከመኪናው ስንወርድ ጀምሮ አልተለየኝም፣ በአንድ ድንኳን እናድራለን፣ እናቱ እንዳታስብ ንገሪልኝ።»

አዴ ከድጃ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ያ ረቢ! ልጄን ፀሐይ መታው! አንተ ታምሩ፣ እዚህ የእናትህን ሞሰብ ጨርሰህ እዚያ ደግሞ የልጄን ራሽን ትበላለህ?»

«ሆዱ ሁለት ቦታ ነው ያለው ብያችሁ አልነበር!» አለች እማዬም።

ታምሩ ጥግ ላይ ሆኖ ሽቦ ይጠቀልል ነበር። እጁ ቆመ። ሴቶቹ ወጥተው ሲሄዱ አጠገቤ መጥቶ «እንደገና አንብቢው፣ ስለ እኔ ያለውን ብቻ» አለኝ። ሦስት ጊዜ አስነበበኝ።

አዴ ከድጃ መልስ አስጻፉኝ፣ ታምሩ እዚሁ ሬዲዮውን ሲጎረጉር ነው የሚውለው፣ በሰው አትቀልድ አሉት። ሁለተኛው ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ አለፈ፣ አንድ ቀን ማታ ልንበላ ስንል አዴ ከድጃ ይዘውት ገቡ። ሁላቸውም እያዩኝ ከፈትኩትና ማንበብ ጀመርኩ፣ «ይድረስ ለእናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ» አልኩ። የሚቀጥለውን በዓይኔ ብቻ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «እናቴ፣ አልቀለድኩም። ታምሩ አጠገቤ ወደቀ፣ በእጄ ቀበርኩት። ሽማግሌ ሰብስባችሁ፣ ንጋት ላይ፣ ለእናቱ በወጉ አርዱልኝ።»

«ምነው ኢንተላ ኮ? አመመው እንዴ?» አሉ አዴ ከድጃ።

«አላመመውም፣ ጽሑፉ ደብዝዞብኝ ነው» አልኩና ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ የሌለውን አነበብኩ፦ «አገሩ ብርድ ነው፣ ሹራብ ላኪልኝ።»

«ሹራብ! ነገ ነው የምገዛለት፣ ዋላሂ!»

መርዶ የተነገረው ለእኔ ብቻ ነው፣ የተረዳሁትም በማታ፣ ሟቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው።

«ስለ እኔስ ምንም አላለ?» አለኝ ታምሩ።

«ምንም።»

ትክ ብሎ አየኝ፣ ረጅም ጊዜ። «እንግዲህ ደህና ነኝ ማለት ነዋ!» ብሎ ሳቀ፣ እማዬም ሳቀች፣ አዴ ከድጃም ሳቁ።

«አንቺ ደግሞ ምን ያፈዝሻል?» አለችኝ እማዬ። «ወንድምሽን እጅ አስታጥቢው እንጂ።»

ማስታጠቢያውን ይዤ ተንበረከክኩለት፣ እጆቹን አገናኝቶ ዘረጋልኝ። ውሃውን ከፍ አድርጌ ነበር ያፈሰስኩት፣ ጣቱ እንዳይነካኝ፣ እስካሁንም የማስታጥበው እንዲያ ነው።