ከአንድ ክንድ በታች

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት፣ በየካቲት ወር መጨረሻ፣ ወንዙ ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ በዝግታ ይወርድ ነበር፤ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ሞልቶ የተረፈ ይመስል ነበር። ከከተማይቱ በላይ ለጥጥ እርሻ የሚሆን ታላቅ ቦይ እንዲቆፈር በቴሌግራፍ ትእዛዝ ደርሷል፤ የቦዩ የብረት በሮችም በባቡር መጥተው ጣቢያው ውስጥ ሸራ ለብሰው ተጋድመዋል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንዙ በከፋ በጋ እንኳ ለከተማውም ለቦዩም እንደሚበቃ የአገረ ገዢው የውሃ ለኪ በማኅተሙ ሊያረጋግጥ ይገባዋል። ጉባኤው በዚያው ዕለት በዘጠኝ ሰዓት እንዲቀመጥ ተወስኗል።

የውሃ ለኪው ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ነበር፤ ልኬት ሲናገር ሽርፍራፊውን ስለማይተው ባልደረቦቹ «ክንድ ከስንዝር» ይሉታል። የወንዙን የአሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ሦስት ጊዜ አስልቷል። በወንዙ ዳር ከአንድ እስከ ሃያ ክንድ ምልክት የተቀረጸበት የድንጋይ ዓምድ ቆሟል፤ ውሃው የደረሰበትን ምልክት የዓምዱ ጠባቂ በየማለዳው ይጽፋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአንድ ክንድ ያነሰ ቁጥር አልተጻፈም፤ አንድ ክንድ ደግሞ ለሁለቱም ይበቃል፣ ስንዝርም ይተርፋል።

ሆኖም ከሌሊት ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነው አድሯል። ዝናብ ባነሰባቸው አምስት ክፉ ዓመታት «አንድ» የሚለው ቁጥር አርባ ቀን፣ ስልሳ ቀን ሳይነቃነቅ ተደርድሯል። ወንዝ ይወጣል ይወርዳል እንጂ እንደ ዘብ ጠባቂ ቀጥ ብሎ ሁለት ወር አይቆምም።

ስለዚህ በማለዳ ወደ ዓምዱ ወረደ። ውሃው ሁለተኛው ምልክት ላይ ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደና ከአንደኛው ምልክት በታች ያለውን አለት ይዳስስ ጀመር። ጣቱ ክብ ጎድጓዳ ነገር አገኘ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ።

ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሴት ቆማ ታየው ኖሮ ሳቀች።

«ጌታዬ፣ ምን ጠፋዎት? የጋብቻ ቀለበት እንዳይሆን ብቻ!»

«ይህ ጉድጓድ ምንድን ነው?»

«እሱማ የእንስራችን መቀመጫ ነው። ስንት ዘመን ስናስቀምጥበት ቦረቦርነው። በክፉ በጋ እዚያ ድረስ ወርደን ነው የምንቀዳው።»

«ውሃው ከዚያም ከወረደስ?»

«ያኔማ ወንዙ የውሃ ሽታ ይሆናል፤ አሸዋ ጭረን ነው የምንጠጣው። እርስዎ የት ከርመው ነው?»

ውሃ የሚንጠባጠብ እጅጌውን ሳይጨምቅ ወደ ዓምዱ ጠባቂ ቤት ሄደ። ጠባቂው የሚስቱ አባት ነበሩ፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል መዝገቦቻቸውን ደርድረው ብቻቸውን ይኖራሉ።

«አባባ፣ ወንዙ ከአንድ ክንድ በታች ወርዶ ያውቃል?»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምነው አይወርድ?»

«ታዲያ ለምን አንድ እያሉ ጻፉ?»

ሽማግሌው ተነሥተው ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መዝገብ አወጡ። የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ነበር፤ መዝገብ ቤት የገባው በኋላ በእጃቸው የገለበጡት ቅጂ እንጂ ይህ አልነበረም። በሦስት ተከታታይ ቀናት ላይ «ከአንድ በታች» ተብሎ ተጽፏል፤ ሦስቱም በቀይ ቀለም ተሰርዘዋል። በኅዳጉ እንዲህ ይላል፦ «ዓምዱ የሚጀምረው ከአንድ ነው። ከተሰጠህ ቁጥር ውጭ እንዳትጽፍ። ዳግመኛ ብትደፍር ትሰናበታለህ።»

የውሃ ለኪው ጽሕፈቱን አወቀው፤ የራሱ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ሰንጠረዡ ቀጥ ብሎ ሲወርድለት ደስ የሚለው ወጣት ጸሐፊ ነበር።

«የእኔ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ልጄን አግብተህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍክልኝ ዕለት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ይላሉ!»

«ምን ልበል? አማቼን ልክሰስ? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ለመድኩት፤ እሱ ነው የእኔ ጥፋት።» ሽማግሌው ወደ ምድጃው ተመለከቱ። «ስማኝ ልጄ፣ እሳቱ ያው። መዝገቡን አቃጥለውና ቁጥሩን ያጣመመው ጠባቂው ነው በላቸው። ወንዙም ይድናል፣ አንተም ሹመትህን ይዘህ ትኖራለህ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርጉኛል?»

ምን እንደሚያደርጓቸው ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ የመንግሥትን መዝገብ ያበላሸ ሰው ቅጣቱ እስር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሐሳቡ ለውሃ ለኪው ጣመው፤ መዝገቡን እንደያዘ ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ተራመደ። ሚስቱን አሰበ፤ ማታ ቤት ሲገባ በየትኛው ዓይኑ ያያታል? እጅግ አፈረ። መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወጣ።

በዘጠኝ ሰዓት አገረ ገዢው በረጅሙ ጠረጴዛ ራስ ተቀምጠው ነበር፤ የቦዩ መሐንዲስ በቀኛቸው፣ የከተማይቱ ሹማምንት በግራቸው።

«ማኅተምህን አኑርና እንፈጽም» አሉ።

«ክቡርነትዎ፣ አላኖርም። ወንዙ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ከአንድ ክንድ በታች ወርዷል።» መዝገቡን ከፍቶ አስቀመጠ።

አገረ ገዢው አነበቡ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ይህን ቀይ ቀለም የጻፈው ማን ነው?»

የውሃ ለኪው ጣቱን በቀዩ ጽሕፈት ላይ አኖረ።

«እኔ ነኝ፣ ክቡርነትዎ።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ስታታልለን ኖርክ ማለት ነው?»

«ለማታለል አልነበረም፤ ሰንጠረዡ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።»

አንዱ ሹም ሊስቅ ቃጣውና ተወው። መሐንዲሱ ግን ተቆጣ፤ «በሮቹ እኮ ጣቢያ ደርሰዋል!»

«በሮቹ ይጠብቃሉ፤ ሰው ግን ያለ ውሃ አይጠብቅም» አለ የውሃ ለኪው። ቦዩ የሚከፈተው ውሃው ከሦስት ክንድ በላይ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ለመነ፤ ማኅተሙንም ሳይጠየቅ ከጠረጴዛው ላይ አኖረው።

አገረ ገዢው ብዙ አሰቡ። ሲመሽ ልመናውን ተቀበሉ፤ ማኅተሙን ግን አልመለሱለትም።

ጦርነቱ ባበቃ በሰባተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። የቦዩ በሮች ተዘግተው ከረሙ፤ ጥጡ ደረቀ፤ ከተማይቱ ግን በእንስራ እየተቆጠረላትም ቢሆን ጠጥታ ከረመች። ከዓምዱ እግር በታች ያለው አለት በተጋለጠ ጊዜ ሁለት ሰዎች መሮና መዶሻ ይዘው ወረዱ፤ አንደኛው በጡረታ ዋዜማ ያለ የዓምድ ጠባቂ፣ ሁለተኛው በግል ቅየሳ የሚተዳደር አማቹ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጠርቡ ውለው ከአንድ በታች በየስንዝሩ አራት ምልክት ቀረጹ። በማግሥቱ ሽማግሌው «ከአንድ በታች፣ ሁለት ስንዝር» ብለው ጻፉና ላኩ፤ መዝገቡም አልተመለሰባቸውም።

የከተማይቱ ታሪክ ሲጻፍ አገረ ገዢው «ወንዙን በአርቆ አስተዋይነት የጠበቁ» ተባሉ፤ ስማቸውም በድልድዩ ላይ በነሐስ ተቀረጸ። የውሃ ለኪው የሚገኘው በመዝገብ ቤት በአንድ መስመር ነው፤ «በሥራ ጉድለት ተሰናበተ» ይላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። አራቱ ምልክቶች የሚታዩት ወንዙ ሲጎድል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወደዚያ የሚወርድ ሰው የሚያስበው ስለ እንስራው ነው፤ ማን ቀረጻቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም።